ወይዘሮ በየነች አሥር ሰው ወደ ዶሺ ደሴት ያሻገሩበት ዜና

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ ስምንት ዓመት፣ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ሆኖ፣ አብዮቱ በፈነዳ በአሥራ ሁለተኛው፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጣራ ማፍሰስ በጀመረ በአራተኛው፣ ወይዘሮ በየነች የንብረት ክፍሉን ቁልፍ በተረከቡ በስምንተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ በሚዛን ተፈሪ ከተማ የሆነውን ነገር፣ የሚበዛውን በዓይኔ ያየሁትን፣ ጥቂቱንም ካዩት አፍ የሰማሁትን፣ እኔ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛና ቃለ ጉባኤ ያዥ ካሣዬ እነሆ እጽፋለሁ። በልጅነቴ አባቴ የነገሥታትን ዜና ሲያነብ እየሰማሁ ስላደግሁ እጄ ሌላ አጻጻፍ አልለመደም፤ የስብሰባ መጥሪያ እንኳ ስጽፍ «ከዚህም በኋላ» ለማለት «ወእምዝ» እያልሁ ተግሣጽ ደርሶብኛል።

ወይዘሮ በየነች ማን ናቸው ቢሉ፣ የጠመኔ ጠባቂ፣ የመጥረጊያ አዳይ፣ የሠላሳ አንድ ቁልፎች እመቤት ናቸው። ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ሳይሞላና ሳይፈረም አንዲት ጠመኔ ከእጃቸው ወጥታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ርእሰ መምህሩ ራሱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣

«ወይዘሮ በየነች፣ ክፍል ልገባ ነው፤ ነገ እፈርማለሁ» ቢላቸው፣

«እንግዲያው ጠመኔውንም ነገ ይወስዱታል» ብለው መስኮቱን ዘጉበት፤ በዚያችም ቀን ርእሰ መምህሩ ጂኦግራፊን በጣቱ በአየር ላይ እየሳለ አስተማረ።

በዚሁ ትምህርት ቤት ብርሃነመስቀል የሚባል የባዮሎጂ መምህር ነበረ። ሰውየው ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነገር ከቴፒ ወዲያ፣ በቡናው መሬት መካከል በተኛው በዶሺ ሐይቅ ላይ ያለችውን ትንሽ ደሴት ነበር። ደሴቲቱ ሁለት የኳስ ሜዳ ብታክል ነው። ነገር ግን ወፎች የሚራቡባትና ጉሬዛ የሚኖርባት ስለሆነች፣ ዛፍ እንዳይቆረጥባት፣ እሳት እንዳይነድባት፣ ሰውም ያለ ፈቃድ እንዳይረግጣት በሕግ የተጠበቀች ነበረች። መምህሩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ደሴት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ አድርጎ ሲስል፣ ወፎቿን በየስማቸው ሲጠራ፣ በእረፍት ሰዓትም ሻይ ክፍል ገብቶ ስለ እርሷ ሲያወራ ኖረ። እኛም ከመስማት ብዛት የአንዳንዱን ወፍ ጠባይ ከጎረቤቶቻችን ጠባይ ይልቅ አውቀን ነበር።

በጥር መባቻ ለመምህር ብርሃነመስቀል የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ወሩ ሳያልቅ ወደ ጎባ ሄዶ ሥራ እንዲጀምር የሚያዝዝ ነበር። በዚያው ቀን ሻይ ክፍል ተቀምጠን ሁላችንም ስናዝን፣ ወይዘሮ በየነች ሊያጽናኑት ብለው፣

«መምህር፣ እኔ እንኳ አንድ ቀን ሄጄ ደሴቱን አየዋለሁ። መውረጃው ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃ? ጫማዬ አንድ ስለሆነ ነው» አሉት።

መምህሩ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ሟምቶ ካለቀ በኋላም ብዙ አማሰለ።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሄጄ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ሻይ የምታፈላልን ሎሚ ማንቆርቆሪያውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ቀጥላም፣

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማንን ደሴት ነው ሲያወሩልን የኖሩት?» አለችው።

«ከመጽሐፍ ነው» አለ መምህሩ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ዛሬ ነገ ስል ነው የቀረው።»

ወይዘሮ በየነች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። በማግሥቱም በሻይ ክፍሉ በር ላይ ይህ አዋጅ ተለጥፎ ተገኘ፤

«ጠመኔ የምትወስዱ፣ ሻይ የምትጠጡ፣ ከዚህ በር የምትገቡና የምትወጡ ሁሉ ይህን ዕወቁ! መምህር ብርሃነመስቀል ደሴቱን ሳይረግጥ ከዚህ አገር አይወጣም። ከየካቲት አንድ ጀምሮ ወፎቹ ስለሚፈለፍሉ ደሴቱ ይዘጋል። ስለዚህ እሑድ ጥር 25 ቀን እንሄዳለን፤ ማታ እንመለሳለን። የሚሄድ ከዚህ በታች ይፈርም። ፊርማው የማይነበብ ሰው አይሄድም። በየነች፣ ንብረት ክፍል።»

ወእምዝ ወይዘሮ በየነች የፈቃዱን ወረቀት ሊያወጡ ወደ ቴፒ ዘመቱ። ሠራዊታቸው አንድ ቦርሳ፣ አንድ ጃንጥላና እኔ ነበርን። የተጠበቁ ሥፍራዎችን ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከድር የሚባል፣ እስክሪብቶ በጆሮው ላይ የሰካ ወጣት ሠራተኛ ተቀብሎን ቅጽ ሰጠን። በቅጹ ላይ «የጉዞው ዓላማ» የሚል ነበረ፤ ከሥሩም ሦስት ሣጥን፤ ጥናት፣ ቁጥጥር፣ እሳት ማጥፋት።

«ሽርሽር የሚል የለም?» አሉ ወይዘሮ በየነች።

«የለም፣ እትዬ።»

«እሳት ካልተነሣ ሰው ደስ ብሎት አይሄድም ማለት ነው?»

«ደስታ የሚል ሣጥን አልመጣልንም» አለ ከድር፣ እርሱም ራሱ እንዳዘነበት ሰው ሆኖ።

ወይዘሮ በየነች መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አሰቡ። ከዚያም ጥናት በሚለው ላይ ምልክት አድርገው፣ ከጎኑ በእጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «አንድ መምህር ዘጠኝ ዓመት ያስተማረውን ነገር እንዲያይ።» ከድር አነበበው። ደግሞ አነበበው። እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ይሄ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እዚህ ቅጽ ላይ እውነት ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለና ማኅተሙን አንሥቶ አጥብቆ ስለመታው፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሲሸኘንም ሕጉን ነገረን። በአንድ ቀን ከአሥር ሰው በላይ በደሴቱ ላይ አይገኝም፤ ሬዲዮም ጩኸትም የለም፤ ቅጠል አይቀነጠስም፤ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ይወጣል።

ከቴፒ በድል ስንመለስ ሌላ ጦርነት ጠበቀን። እሑድ እሑድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት የሻይ ክፍል ሰዎች ሁላችን ያለንበት የውይይት ክበብ ስብሰባ ነበረ። ሰብሳቢው ጓድ ታፈሰ ይባላል። ጓድ ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከስብሰባ መቅረትን እንደ ወባ ይፈራው ነበር፤ አንዱ ከቀረ ሁሉም ይከተላል ይላል።

«ጓድ በየነች፣ እሑድ አይሆንም» አላቸው። «ስብሰባ አለ።»

«ስብሰባው የግድ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው?»

«የትም ሊሆን ይችላል፤ ዋናው አባላቱ መሟላታቸው ነው።»

«እንግዲያው ደሴቱ ላይ ይሁን። አባላቱ ውኃ ስለሚከባቸው ማንም አቋርጦ አይወጣም።»

ጓድ ታፈሰ ይህን በሰማ ጊዜ ዓይኑ በራ። በስብሰባ መካከል «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ የማይመለስ ሰው በእርሱ ዘመን ያልተፈታ ችግር ነበርና። ወዲያውም ፈረመ፤ የዕለቱም ርእስ «ሥነ ሥርዓትና ቁጥብነት» ተባለ።

የቀረው መኪና ነበር። ይህም ቀላል ሆነ፤ አሕመዲን የሚባለው ሾፌር በዚያው እሑድ በፊያት መኪናው ከሐይቁ ማዶ ካለ የቡና እርሻ ጭነት ሊያነሣ ይሄድ ስለነበር፣ በባዶ ጆንያዎቹ ላይ ለመቀመጥ ከተስማማን፣ ስንወርድም ጆንያውን አጥፈን ካስቀመጥን ሊወስደን ፈቀደ።

በዕለተ እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጉሙ ከቡናው ላይ ሳይነሣ፣ ሠራዊቱ በትምህርት ቤቱ በር ተሰበሰበ። የወጡትም እነዚህ ናቸው፤ ወይዘሮ በየነች ቁልፋቸውን እንደታጠቁ፤ መምህር ብርሃነመስቀል ከአንገቱ ላይ በተውሶ የመጣ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሎ፤ ጓድ ታፈሰ ከነአጀንዳው፤ ሎሚ ከሁለት ፔርሙስና ከአንድ ቅርጫት ዳቦ ጋር፤ ጸሐፊቷ የዓለምዘርፍ ራሷ በታይፕ የመታችውን ፕሮግራምና ቀይ ጃንጥላ ይዛ፤ የስፖርት መምህሩ ሳህሉ በአዲስ ቱታ፤ ሌሊትም ቀንም የማይለያዩት፣ ስማቸውን ሰው የሚያምታታው ሦስቱ የሂሳብ መምህራን፤ በመጨረሻም እኔ ከነደብተሬ። ባጠቃላይ አሥር ነፍስ። አሕመዲን «እኔ መኪናዬ ሥር እተኛለሁ፤ ጎማ የሌለው ነገር ላይ አልወጣም» ስላለ ከቁጥር አልገባም።

መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወይዘሮ በየነች በጭነቱ ሣጥን ላይ ቆመው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፤

«ሬዲዮ የያዘ ያስረክብ! ክብሪት የያዘ ያስረክብ! ፊሽካ የያዘም እንዲሁ፣ መምህር ሳህሉ እርስዎን ነው!»

ሳህሉ ከፊሽካው ጋር አሥር ዓመት ኖሯል። እንባው እየመጣ ከአንገቱ ላይ አውልቆ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም ከቦርሳቸው ጥራዙን አውጥተው «ፊሽካ፣ ኒኬል፣ ከነክሩ፣ አንድ» ብለው የንብረት መረከቢያውን ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ደረሰኝ ቆረጡለት። ከዚህ በኋላ መንገድ ጀመርን። በየጉድጓዱ ከጆንያው ላይ እየተነሣን፣ ተመልሰን እያረፍን፣ ጥቂት እየዘመርን፣ በአራት ሰዓት ተኩል ከሐይቁ ዳር ደረስን።

ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል። ደሴቲቱ ከመካከሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆና ትታያለች፤ ከላይዋም ነጫጭ ወፎች ይነሣሉ፣ ያርፋሉ። በዳር ላይ የእንጨት ጀልባ ታስራለች፤ በውስጧም ቀዛፊው ታምሩ መቅዘፊያውን ታቅፎ ተቀምጧል። ከጀልባዋ ፊት ደግሞ የደሴቲቱ ጠባቂ ሙሴ ቆሞ ነበር። ሙሴ የሸኮ ሰው ነው፤ መሣሪያ የለውም፤ ረጅም ካፖርት፣ የላስቲክ ቦት ጫማና የማይንቀሳቀስ ፊት ነበረው።

ፈቃዱን አነበበ። በጣቱ ቆጠረን።

«አሥራ አንድ» አለ።

«አሥር ነን» አሉ ወይዘሮ በየነች። «ስም ዝርዝሩ እዚያው ነው።»

«ታምሩስ?»

«ታምሩ ቀዛፊ ነው።»

«ቀዛፊ ሰው አይደለም?»

ታምሩ ከጀልባው ውስጥ ቀና ብሎ፣ «እኔም መልሱን ልስማው እስቲ» አለ።

ጓድ ታፈሰ ጣልቃ ገብቶ ቀዛፊው አድርሶን ይመለስ ቢል፣ ሙሴ፣ «አይሆንም። ሰው ታሞ ቢወድቅስ? ደሴቱ ላይ ሰው ካለ ጀልባው አይለይም፤ ጀልባው ካለ ታምሩ አለ» ብሎ መለሰ። ወይዘሮ በየነች ገና ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሙሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት መኪና ይዞ የመጣ ትልቅ ሰው ከዚህ መልሻለሁ። ዛሬ እናንተን በትርፍ ካሳለፍኩ፣ ያንን ሰውዬ ለምን መለስኩት?» አላቸው።

ወይዘሮ በየነች የከፈቱትን አፍ ዘጉት። ይህን ንግግር ስምንት ዓመት ሙሉ በንብረት ክፍሉ መስኮት ላይ ሲናገሩት የኖሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩና።

አንድ ሰው መቅረት ነበረበት። በዚህ ቦታ የታሪክ ጸሐፊ ሊዋሽ ይወዳል፤ እኔ ግን አልዋሽም። ጓድ ታፈሰ ሰብሳቢ ስለሌለው ስብሰባ ማስረዳት ጀመረ። ሎሚ ፔርሙሶቿን አቀፈች። የዓለምዘርፍ ፕሮግራሟን እንደ አዲስ ታነብ ጀመር። ሳህሉ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አለ፤ ጫማው ግን ማሰሪያ አልነበረውም። ሦስቱ የሂሳብ መምህራን አንድ ላይ ሰማዩን አዩ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ያለ ቃለ ጉባኤ ያዥማ እንዴት ይሆናል?» አልሁ፤ ከሁሉም ቀድሜ ያልሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ መምህር ብርሃነመስቀል ወደ ፊት ወጥቶ፣

«እኔ ልቅር» አለ። «ግድ የለም። ከዚህም ይታየኛል። መነጽር አለኝ።»

ይህን ሲል በፊቱ ላይ የተፈታ እስረኛ ደስታ ስለታየ፣ ወይዘሮ በየነች ጠጋ ብለው አተኩረው አዩት። እግሩ ከውኃው ዳር ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር።

«መምህር» አሉት ቀስ ብለው፣ «ውኃ ይፈራሉ እንዴ?»

መምህሩ መሬት መሬት አየ።

«በልጅነቴ ወንዝ ወስዶኝ ነበር። ወንድሜ ነው በፀጉሬ ያወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ከገንዳ የሰፋ ውኃ አጠገብ አልቆምም። ለዚህ ነው ዛሬ ነገ ስል ዘጠኝ ዓመት የሆነው። ተማሪዎቼ እንዳያውቁብኝ አደራ።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ በየነች ደሴቲቱን አንድ ጊዜ አዩ፤ መምህሩንም አዩ። ከዚያም የዓለምዘርፍን ቀይ ጃንጥላ ከእጇ ወስደው፣ ከውኃው ዳር ባለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጡና ዘረጉት። በዚያም ሆነው ሦስተኛውንና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤

«የምቀረው እኔ ነኝ! መምህር ብርሃነመስቀል ጀልባው ላይ ፊቱን ወደ እኔ፣ ጀርባውን ወደ ደሴቱ አዙሮ ይቀመጣል። ውኃውን አያይም፤ እኔን ያያል። እዚያ ደርሶ መሬት እስኪረግጥ ድረስ እኔ ከዚህ ድንጋይ ላይ አልንቀሳቀስም፣ ጃንጥላውንም አላጥፍም። ታምሩ፣ ቀስ ብለህ ቅዘፍ!»

እንደ ቃላቸውም ሆነ። ሦስቱ የሂሳብ መምህራን ደግፈው አስገቡት፤ መምህሩም ዘጠኝ ዓመት ወደ ሰበካት ደሴት ጀርባውን ሰጥቶ፣ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከንብረት ክፍል ኃላፊዋ ላይ ተክሎ ተጓዘ። እኔ ከጎኑ ነበርሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚጸልይ መስሎኝ ጆሮዬን ብሰጥ፣ «ይታዩኛል፣ ይታዩኛል፣ አሁንም ይታዩኛል» ይል ነበር። ወይዘሮ በየነችም እያነሱ እያነሱ ሄደው አንዲት ቀይ ነጥብ ሆኑ፤ ነጥቧ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በመካከል ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋ ጥቂት ብትወዛወዝ፣ ነጥቧ ከፍ ዝቅ ስትል አየናት፤ ጃንጥላውን እያውለበለቡ ነበር። መምህሩም አንድ እጁን ከጠርዙ ላይ አንሥቶ መለሰላቸው። ጀልባዋ ጭቃ ነክታ ቆመች፤ ታምሩም፣

«መምህር፣ ደርሰናል። ይዙሩ እንጂ» አለ።

«ቆይ» አለ መምህሩ። እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬቱን በጫማው ዳበሰ፤ መሬት መሆኑን ባረጋገጠ ጊዜ ዞረ።

በደሴቲቱ ላይ የሆነውን በአጭሩ እጽፋለሁ። መምህር ብርሃነመስቀል እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ፤ ለካ ደሴቲቱ ክብ አልነበረችም፤ እንደ ጫማ ሶል የረዘመች ነበረች። «ዘጠኝ ዓመት አሳስቻለሁ» እያለ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከአንድ ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ቁልቁል አዩን፤ ረጅም ነጭ ፀጉራቸው ከትከሻቸው ላይ ይወርድ ስለነበር፣ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ለስብሰባ የለበሱ ይመስሉ ነበር። መምህሩ ስለ እነርሱ ሊያስረዳን አፉን ከፈተ፤ ግን ዝም ብሎ ቆሞ አየ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ደሴቲቱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጓድ ታፈሰም ስብሰባውን ከፈተ። ጩኸት ክልክል ስለሆነ መፈክሩ በሹክሹክታ ተባለ፤ ግራ እጃችንን ቀስ ብለን አነሣን፣ ቀስ ብለን አወረድን። ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ቁጥብነት በስድስት ደቂቃ ተወያይተን ጨረስን፤ ማንም አቋርጦ አልወጣም። ጓድ ታፈሰ በሕይወቱ የመራው ምርጥ ስብሰባ እርሱ መሆኑን በጆሮዬ ነገረኝ።

ወይዘሮ በየነች በዚያን ጊዜ ምን ሲያደርጉ ነበር ቢሉ፣ ይህን የሰማሁት ከሙሴ ነው። ጀልባዋ መድረሷን ካዩ በኋላ ከድንጋዩ ወርደው ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸውንም ውኃ ውስጥ ነከሩ። ሙሴ ሙዝ አመጣላቸው። አብረው ሲበሉም ሙሴ፣

«እትዬ፣ በዚህ ሥራ ሰው አይወደኝም» አላቸው።

«እኔንም» አሉ ወይዘሮ በየነች። «ግን አንድ ጠመኔ አልጎደለም።»

«እዚህም አንድ ዛፍ አልጎደለም» አለ ሙሴ።

ሁለቱም በዚህ ነገር ደስ ብሏቸው ሌላ ሙዝ በሉ።

በዘጠኝ ሰዓት ተመለስን። መምህሩ ሲመለስ ፊቱ ወደ ወይዘሮ በየነች ስለነበር መዞር አላስፈለገውም። ከጀልባዋ ወርዶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሊያመሰግን ፈልጎ ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ አሠራር ማውራት ጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌላዋ ወፍ ተሻገረ፤ ሚዛን እስክንደርስ ድረስ በጆንያው ላይ ከጎናቸው ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ቅጠል ሳይቀር ነገራቸው። እርሳቸውም የመኪናውን ሣጥን ጨብጠው «እሺ፤ ከዚያስ?» እያሉ ሰሙት።

በሦስተኛው ቀን መምህር ብርሃነመስቀል ወደ ጎባ ሄደ። በሳምንቱም ፈቃዱን የሰጠን የቴፒው ጽሕፈት ቤት ዶሺ ደሴትን የረገጡ ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክለት ጠየቀ፤ ዝርዝሩንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሕጉ የረገጡትን ብቻ ስለሚል አሥር ስም ጻፍሁ፤ ታምሩ ቀዛፊው አለበት፤ ጓድ ታፈሰ አለበት፤ «ያለ እኔ እንዴት ይሆናል» ያልሁት እኔም አለሁበት። የወይዘሮ በየነች ስም የለበትም። ወረቀቱን ፈርመው እንዲያሳልፉት ወስጄ ብሰጣቸው፣ አንድ በአንድ ቆጥረው፣

«አሥር። ልክ ነው» አሉና ፈረሙ።

እኔ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ የቃለ ጉባኤውንም ደብተር ገልብጬ ከኋላ በኩል ይህን ዜና መጻፍ ጀመርሁ።

ስለዚህ የምታነቡ ሁሉ ዕወቁ። የየአገሩ ጀግኖች ወደ ከተሞች ገብተው ድል ነሡ፤ በየነች እመቤተ መፋትሕ፣ ማለትም የቁልፎች እመቤት፣ መኰንነተ ጠመኔ፣ ቀይ ጃንጥላ የዘረጋች፣ ከድንጋይ ላይ ሳትወርድ ደሴት ያዘች። ሌሎች ሠራዊታቸውን ከፊት ሆነው መሩ፤ እርሷ ከኋላ ቆማ፣ እየራቀች፣ እያነሰች፣ የፈራውን ሰው አሻገረች። ክብር ለእርሷ ይሁን፤ ዕድሜም ከነጤናው። ይህን ያነበበ ሁሉ፣ በዝርዝሩ ላይ ቦታ ስለሌለ፣ ስሟን በገዛ እጁ ከዚህ ገጽ ግርጌ ይጻፍላት፤ ሲጽፍም እንዲነበብ አድርጎ ይጻፍ።